መጀመሪያ ማኅደር፣ ቀጥሎ ግድግዳ

በኛ ሕንፃ ጠዋት የሚመጣው በሁለት ቁልፍ ነው። ከአልጋህ ትነሳለህ፣ በሩ አጠገብ ወዳሉት ሁለት ክቦች ትሄዳለህ፣ መዳፍህን መጀመሪያ ታችኛው ላይ ትለጥፋለህ። እሱ ማኅደር ነው፤ ሥዕሉ ሁሉ የሚቀመጥበት። ቀጥሎ ላይኛው ላይ ትለጥፋለህ። እሱ ግድግዳ ነው። ሁለቱም ሲቀሉ ሳሎንህ ውስጥ ጎህ ይቀዳል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ይመጣል፣ ጀልባዎቹ ይመጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እንደ ጡረተኛ ጎበጥ ብለው ይመጣሉ። እውነተኛው ሐይቅ ከሕንፃው ጀርባ አለ፤ ወደዚያ የሚያሳይ መስኮት ግን የለም። መስኮት የቀረው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። መስኮት ውድ ነው፣ ሥዕል ርካሽ ነው አሉ፤ በዚያው ቀረ።

መስታወትም ግድግዳው ነው። ኳስም ግድግዳው ነው። እንግዳም ከሩቅ ሲመጣ በግድግዳው ነው የሚመጣው። ቁልፎቹ ደግሞ የግል አይደሉም፤ ሁለቱም የሕንፃው ሁሉ ናቸው። አንዱ ሲይዝ ሌላው ይጠብቃል። ጥበቃው ዓይን እስክትጨፍንና እስክትገልጥ ስለሆነ ማንም አይታወቀውም።

የኔ ሥራ የቁልፍ ተራ ማስከበር ነው። ድሮ አቶቴ ሰፈር የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ታክሲው ያለ ሹፌር፣ ሰልፉም ያለ ሰው መሆን ሲጀምር ቤቴ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሕግ ወጣ። የያንዳንዱ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አስኳል የሚባል ዋና ማሽን አለ፤ አስኳሉ ውስጥ ሥዕሉን ከማኅደር ወደ ግድግዳ የሚያደርስ፣ የሥዕል ነጂ የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ ነጂውን የጻፈው ማሽን ነው፣ የሚፈትሸውም ማሽን ነው። ሕጉ ግን አንድ ሰው አጠገቡ ይኑር ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይልም። ነዋሪው ተሰብስቦ፣ «ሰልፍ የምታውቅ ኢየሩስ ናት» አለና እኔን መረጠ።

ያስተማረችኝ ኢንጂነር ሳምራዊት ናት። ትምህርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ማኅደር፣ ቀጥሎ ግድግዳ። አንዱ ማኅደርን ይዞ ግድግዳን ቢጠብቅ፣ ሌላው ግድግዳን ይዞ ማኅደርን ቢጠብቅ፣ ሁለቱም እንደተጠባበቁ ይቀራሉ። ሕንፃውም አብሯቸው ይቀራል። ሁሉም ሰው በአንድ አቅጣጫ ከያዘ ግን መጠላለፍ የሚባል ነገር የለም።

ይህን የሚጠብቅ ፈታሽ አስኳሉ ውስጥ ተቀምጧል። ፈታሹ እስኪቆለፍ አይጠብቅም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በግልባጩ ከያዘ፣ ምንም ባይደርስም ይጮሃል። ይጮሃል እንጂ አይከለክልም። ጩኸቱን ሰምቼ ሄጄ መምከር የኔ ፋንታ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረኝ ምድር ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ናቲ ናቸው።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ይሉኛል በሩን ከፍተው።

«ግድግዳውን ነው መጀመሪያ የያዙት።»

«ታዲያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም እኮ።»

«ሊሆን ይችላል ነው የሚለው።»

«ሊሆን በሚችል ነገርማ ሚስቴም ስትጮህብኝ ነው የኖረችው፤ ለሷም ደሞዝ ይቁረጡላታ።»

እንዲህ እያልን እንኖር ነበር። ከኔ በፊት ፈታሹ በቀን ሁለት ሦስቴ ይጮህ ነበር አሉ፤ እኔ ከያዝኩት ወዲህ ከጋሽ ናቲ በቀር ማንም አያስጮኸውም። ለዚህ ነው ሰው ሲጠላለፍ ምን እንደሚደረግ የሚለው ደንብ ተፈትኖ የማያውቀው። ሳምራዊት መጀመሪያ ያስገባችው ደንብ በቁጥር ነበር። ወደ ቁልፍ እጁን የሚዘረጋ ሁሉ ቁጥር ይወስዳል፤ ከተጠላለፉ ዘግይቶ የመጣው የያዘውን ሁሉ ለቅቆ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል።

ነዋሪው ይህን ሲሰማ ስብሰባው ተረበሸ። ዋናዋ ረባሽ እኔ ነበርኩ።

«አንድ ፍሬ ልጅ ቀድሞ ነካ ተብሎ ሽማግሌ ይለቃል?» አልኳት። «ይሄ የት አገር ያለ ሥርዓት ነው? በዕድሜ ይሁን። ታናሽ ይልቀቅ፣ ታላቅ ይለፍ።»

«እትዬ ኢየሩስ፣ ቁጥር አይደገምም፤ ዕድሜ ይደገማል» አለች ሳምራዊት።

«መቼ ይደገማል? በዓመት ባይበላለጡ በወር፣ በወር ባይበላለጡ በቀን ይበላለጣሉ።»

አጨበጨቡልኝ። ሳምራዊት ትከሻዋን ነቀነቀችና በዕድሜ አደረገችው። ያን ጊዜ ማናችንም ትዝ ያላለን ነገር፣ መዝገባችን ወደ አዲሱ ማሽን ሲዛወር ወርና ቀኑ መንገድ ላይ መፍሰሱን ነው። ባዶውን ቦታ በመስከረም አንድ ሞሉት። በኛ ወረዳ በመዝገብ መስከረም አንድ ያልተወለደ ሰው የለም። እያንዳንዱ ግን የናቱን ቃል በሆዱ ስለያዘ መዝገቡን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

ልጄን ሶሊያናን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። የሚልከው ካሌብ ነው፣ ከኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖረው የፌቨን ልጅ። ልጆቹ ደረጃ ላይ ሲተያዩ አድገው ነው እዚህ የደረሱት። ፌቨንና እኔም እንዋደዳለን፤ ግን ተለማምነን አናውቅም። እኔ «እሷ ትምጣ» እላለሁ፣ እሷ «እሷ ትጥራኝ» ትላለች። በዚህ የተነሳ አንድ ፎቅ ተለያይተን በግድግዳ ነው የምንገናኘው። ሽማግሌዎቹን ያስመጣችው ከአባቷ አገር ከጎሬ ነው፤ ጎሬ ላይ ቆመው፣ ሥዕላቸው ፌቨን በምትይዘው ማኅደር በኩል አልፎ የኔ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሊደርስ።

እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ባለቤቴ ናሆም ካረፈ ቆይቷል። ግን ሙሉ ቁመናው ማኅደር ውስጥ አለ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ሌላው ላይ አድርጎ፣ ሊናገር ሲል ፈገግታ ቀድሞት። ልጁን ሊጠይቁ ሲመጡ አባቷ በቦታው ተቀምጦ ይጠብቃቸው አልኩ። ሴት ብቻዋን ቆማ አትቀበል። ወንበሩን አስቀድሜ ግድግዳው ላይ ሳልኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ማኅደሩን ልይዝ ሄድኩ።

ክቡ ላይ የፌቨን ስም በርቷል። ቀድማኝ ተሰልፋለች።

ሽማግሌዎቹ ከናሆም በፊት ሊገቡ ነው ማለት ነው። ባዶ ወንበር ሊቀበላቸው ነው። ደግሞ ግድግዳውን ቀድሞ የያዘ ነው ከእንግዳው ጀርባ የሚታየውን የሚመርጠው፤ ፌቨን ባለፈው እንግዳ ስትልክልኝ ሳሎኔን በእብነ በረድ ምሰሶ ሞልታው ነበር፣ ባንክ ቤት እስኪመስል። ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ እጄን አንስቼ ላይኛው ክብ ላይ ለጠፍኩት። ግድግዳውን ያዝኩ። ቀጥዬ ማኅደሩን ጠየቅኩ።

ፈታሹ ጮኸ። «ዝም በል፣ እኔ ነኝ» አልኩና አፈንኩት።

እንዲህ አድርጎ ሰልፍ የሚያልፍ ሰው አቶቴ ላይ ቢሆን ኖሮ በጃኬቱ አንገት ይዤ ነበር የምመልሰው።

በዚያችው ቅጽበት ፌቨን ማኅደሩን ይዛ ግድግዳውን ጠየቀች። እኔ ግድግዳውን ይዤ ማኅደሩን ጠየቅኩ። ሕንፃው ቆመ።

አቋቋሙ ድምፅ የለውም። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ አየር ላይ ቀረ፤ ከበታቹ፣ ከራሱ የወጣው ነገር አንድ ባርኔጣ ላይ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው እሱም አየር ላይ ቀረ። ከመኝታ ቤት ሶሊያና ወጣች። አንዱን ዓይኗን ተኩላለች፣ አንዱን አልተኳለችም።

«እማ፣ መስታወቱ ሞተ። ፊቴ እዚያ ውስጥ እያፈጠጠብኝ ነው።»

«ይመለሳል። ተቀመጪ።»

ድምፅ በሌላ ነጂ ስለሚሄድ አልቆመም። ከባዶው ወንበር በስተግራ፣ ሰው ከሌለበት ቦታ፣ ያረጀ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች፤ እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ቤት ሰው አለ?»

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ሮቤል ናቸው። ተቀመጡ እስኪባሉ ቆመው የሚናገሩ፣ የድሮ ሰው።

«አለን አባባ» አልኩ። «ትንሽ ይታገሱን፣ ግድግዳው ነው።»

«መታገሡንስ እንታገሥ ነበር። ጉልበት ነው እንጂ ያስቸገረ።»

በሩ ተንኳኳ። የምር በጣት ተንኳኳ፤ ሶሊያና ድምፁን አላወቀችውም፣ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስከፍት ጋሽ ናቲ ናቸው፣ በነጠላ ጫማ።

«አንቺ ልጅ፣ ኳሷ መስመሩ ላይ ቆማለች። ገባች ወይስ አልገባችም?»

«ጋሼ፣ አሁን ሽማግሌ ቆሞብኛል።»

«እኔም ቆሞብኛል እኮ የምልሽ። ግማሹ መስመሩን አልፏል፣ ግማሹ አላለፈም። በረኛው አየር ላይ ተንጋሏል። ሰው እንዲህ ይሰቃያል?»

ሳምራዊት በድምፅ መጣች።

«እትዬ ኢየሩስ፣ ሕንፃችሁ ተቆልፏል። በግልባጭ የያዘ ሰው አለ። ማነው?»

«አንድ ነዋሪ ነው።»

«የትኛው ነዋሪ?»

«ጥሩ ነዋሪ ነው፣ አስቦበት ነው።»

«እትዬ ኢየሩስ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ትንፋሿ ተቆራረጠ። ስትስቅ ነው መሰለኝ። ጋሽ ናቲ ግን በግልጽ ሳቁ፤ ሄደው ሌላ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ነግረው እስኪመለሱ ድረስ ሳቁ።

«እሺ፣ ደንቡ አለ» አለች ሳምራዊት። «ታናሽ ይለቃል። ማሽኑ ለምን እስካሁን አልወሰነም? ቆይ... እትዬ ፌቨን የተወለዱት መቼ ነው?»

ከላይ ፎቅ የፌቨን ድምፅ መጣ። «ኅዳር ነው። ለኅዳር ሚካኤል።»

ፌቨን ልደቷን የምታከብረው ጳጉሜ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የተወለድኩ የዓመቱ ጭራ ነኝ እያለች፣ በኔ ላይ ታናሽነቷን ስትቆጥር ነው የኖረችው። አሁን ለቁልፍ ሲሆን ተነሥታ ኅዳር ገባች።

«እኔ ጥቅምት ነኝ» አልኩ።

«እማ፣ አንቺ ፍልሰታ ነሽ» አለች ሶሊያና። «ጾሙ የገባ ዕለት ነው የምትዪው።»

«ዝም በይ፣ አንቺ አልነበርሽም።»

በአንድ ከሰዓት ሁለታችንም በወራት አረጀን። ሳምራዊት ግን የናቶቻችንን ቃል አይደለም የምታየው።

«መዝገቡ ላይ ሁለታችሁም መስከረም አንድ ናችሁ» አለች። «ዓመቱም አንድ ነው። ማሽኑ ታናሽ አጥቷል። እትዬ ኢየሩስ፣ ዕድሜ ይደገማል ብዬ ነበር።»

«ነበር» አልኩ።

ጋሽ ናቲ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «አጥፍታችሁ አብሩት፣ ምን ያጨቃጭቃል?»

«ካጠፋነው መንገድ ላይ ያለ ሥዕል ሁሉ ይጠፋል» አለች ሳምራዊት። «ቁልፉ ገና ባይያዝም ከማኅደር የተጠራ፣ ግድግዳ ያልደረሰ ሥዕል የትም አይቀመጥም። እትዬ ኢየሩስ፣ የጠሩት ምንድን ነው?»

ባዶውን ወንበር አየሁ። ናሆም መንገድ ላይ ነው። ጠርቼዋለሁ፣ ከማኅደር ተነሥቷል፣ እኔ ጋ አልደረሰም። ቢያጠፉት ወንበሩም እሱም ይሄዳሉ።

«አይጠፋም» አልኩ።

«እንግዲያው አንዳችሁ ልቀቁ። ይኸው ነው። የለቀቀ አይከስርም፤ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል፣ ተራው ሲደርስ ይገባል።»

«እሷ ትልቀቅ» አልኩ ወደ ጣሪያው።

«እሷ ትልቀቅ» አለች ፌቨን ወደ ወለሉ።

እኔ የያዝኩትን ለቅቄ አላውቅም። አቶቴ ላይ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከሰልፉ ወጥቶ ጥግ ሲይዝ፣ እኔ ሰልፉ የነበረበት ቦታ ላይ ብቻዬን ቆሜ ሰልፉን እጠብቅ ነበር። ፌቨንም ያው ናት። ለዚህ ይሆናል የተዋደድነው።

የአባባ ሮቤል ድምፅ እንደገና መጣ፤ ይህን ጊዜ ቀስ ብሎ።

«ልጆቼ፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ካልገባ፣ አልገባም ማለት ብቻ አይደለም፤ መልሱን ተቀብሏል ማለት ነው። እኔ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ደጅ ጠንቼ አላውቅም፤ በዚህ ጉልበትም አልጀምርም። የሠርክ ደወል እስኪደወል እቆማለሁ። ከዚያ እንቢ ብላችኋል ብዬ እሄዳለሁ።»

ሶሊያና በተኳለው ዓይኗም ባልተኳለውም አየችኝ። አላለቀሰችም፤ የኔ ልጅ ናት።

«እማ፣ እኔ ላገባ ነው ወይስ እናንተ ልትፋቱ ነው?»

ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ፌቨን ቤት ሄጄ፣ በሩን አንኳኩቼ፣ ፊት ለፊት «ልቀቂ» ልላት። ደረጃችን ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይሳማል። ግማሽ ላይ ስደርስ ፌቨን እየወረደች መጣች። እሷም እኔ ቤት ልትመጣ፣ «ልቀቂ» ልትለኝ። ከናሆም ቀብር ወዲህ በሥጋ ስንተያይ ይህ መጀመሪያችን ነው። ፀጉሯ ሸብቷል። ግድግዳው ላይ አይሸብትም።

«እለፊ» አልኳት።

«አንቺ እለፊ።»

ወደ ቀኝ ስል ወደ ግራዋ መጣች፤ ወደ ግራ ስል ወደ ቀኟ። ሁለታችንም ቆምን። ከታች ጋሽ ናቲ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ደረጃውም ተቆለፈ?» አሉ።

ፌቨን ትንፋሿን ሰበሰበች። «ምን ልታሳዪ ነው እንዲህ ግድግዳውን ሙጭጭ ያልሽው?»

«ናሆምን።»

«ናሆምን?»

«ልጁን ሲጠይቁት ይቀመጥ ብዬ።»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

«እኔም እስክትጠይቂኝ።»

ከላይ በሯ ክፍት ነው፣ ከታች በሬ ክፍት ነው። በሁለቱም በኩል አባባ ሮቤል ሲተነፍሱ ይሰማል።

«ናሆም ቢሆን ይሄኔ ለቅቆ ነበር» አለች ፌቨን። «አቶቴ ሰልፍ ላይ ስንት ጊዜ ነው ያሳለፈኝ። 'እህቴ፣ አንቺ ግቢ፣ እኔ አልቸኩልም' እያለ። ደግ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰልፉ መጨረሻ የሚሄደው አንቺን ደግሞ ለማየት ነው።»

እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ ለኋለኛው ይለቅና ተመልሶ ጭራው ላይ ይቆማል። አንድ ቀን አፋጠጥኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?» አልኩት። «እሄዳለሁ፣ ተራ ይዣለሁ» አለኝ። ሥራውን አረፈደ፣ ከሥራው ተባረረ፣ እኔን አገባ። ተራውን ሲለቅ የኖረ ሰው ምንም አልቀረበትም።

ዞሬ ወረድኩ። ሳሎን ገባሁ፣ ላይኛው ክብ ላይ መዳፌን ለጠፍኩ። «ለቅቄያለሁ» አልኩ። ክቡ ከቀይ ወደ ነጭ ተመለሰ።

ምንም አልተንቀሳቀሰም። አባ ኮዳው እዚያው ነው።

«እትዬ ኢየሩስ፣ ለቀቁ?» አለች ሳምራዊት።

«ለቀቅኩ።»

«እትዬ ፌቨንስ?»

«እኔም ለቀቅኩ» አለች ፌቨን ከላይ፣ እያለከለከች። ሮጣ ወጥታ ነው። «እሷ ናሆምን ታስገባ ብዬ።»

«ሁለታችሁም?» አለች ሳምራዊት። «አንዳችሁ ነው ያልኩት። አሁን ቁልፎቹን የያዘ ሰው የለም። አንዳችሁ ያዙ።»

«አንቺ ቅደሚ» አልኩ ወደ ጣሪያው።

«ኧረ በሞቴ፣ አንቺ ቅደሚ።»

«አይሆንም፣ እንግዳ ይቀድማል።»

«አባት ይቀድማል እንጂ።»

ቅድም የቆለፈን እልህ ነበር። አሁን ይሉኝታ ይቆልፈን ጀመር። ልዩነቱ፣ በእልህ ጊዜ ቁልፎቹ ተይዘው ነበር፤ በይሉኝታ ጊዜ ባዶ ተቀምጠው ነው። ሳምራዊት ለዚህ የሚሆን ፈታሽ ገና አልተሠራም አለች። ጋሽ ናቲ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። «ገባች አልገባችም፣ ገባች አልገባችም» ይላሉ ለራሳቸው።

ከሩቅ፣ ከጎሬ፣ የደወል ድምፅ መጣ።

«እንግዲህ...» አሉ አባባ ሮቤል።

ያን ጊዜ ምን እንደወጣኝ አላውቅም። የአቶቴው ድምፄ ነው። ከታክሲ ሞተር በላይ እንዲሰማ ብዬ ያሠለጠንኩት፣ ዓመታት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ።

«ፌቨን፤ ግቢ!» አልኩ። «ኋላ አትይ። መጀመሪያ ማኅደር፣ ቀጥሎ ግድግዳ። አንቺ ማሽን፣ መዝግቢ፤ እኔ ታናሽ ነኝ። ነሐሴ፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። እናቴ ናት የነገረችኝ። አባባ፣ እግርዎን እንዳያነሱ።»

ላይ ፎቅ የፌቨን መዳፍ ጥፍ ሲል ሰማሁት፤ አንዴ ታች፣ አንዴ ላይ። ሕንፃው ተነፈሰ። ኩሽና ውስጥ አባ ኮዳው ክንፉን መታ፣ ባርኔጣው የድርሻውን ተቀበለ። ጋሽ ናቲ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ ነጠላ ጫማቸው አንዱ ደረጃው ላይ ቀረ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመው ታዩ።

ጀርባቸው ላይ ምሰሶ የለም። ፌቨን ምንም አልሳለችም። ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ የቤቴ የራሱ ግድግዳ፤ ለካ ጥግ ጥጉ ተሰንጥቋል። ወንበሩ ግን አለ። የሳልኩትን ወንበር ትታልኛለች።

አባባ ሮቤል አጭር ሰው ናቸው። በድምፃቸው ረጅም መስለውኝ ነበር።

«የመጣንበት ጉዳይ» አሉ፣ «ልጃችን ካሌብ ልጃችሁን ሶሊያናን ወዷል፤ በወግ በማዕረግ ስጡን ብለን ነው።» ከዚያ ወንበሩን አዩ። «የልጅቷ አባት የት አሉ?»

የፌቨን ቁልፎች ነጭ ሆነዋል። ታችኛው ላይ መዳፌን ለጠፍኩ፣ ቀጥሎ ላይኛው ላይ። ናሆም የድሮ ሥዕል ስለሆነ ይከብዳል፤ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል።

«ተራ ይዟል» አልኩ። «ይመጣል።»

አባባ ሮቤል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተራ የያዘን ሰው መጠበቅ ያውቃሉ። ሁላችንም ወንበሩን እያየን ቆምን። መጀመሪያ ጫማው መጣ። ቀጥሎ አንዱ እግር ሌላው ላይ። ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ ፈገግታው፤ ፊቱ ከፈገግታው ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ። ሶሊያና እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ባልተኳለው ዓይኗ በኩል ብቻ አለቀሰች፤ የተኳለውን ጠበቀችው።

«እንደምን ዋሉ» አሉ አባባ ሮቤል ለናሆም፣ ጎንበስ ብለው። ዓይናቸው ደካማ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ግን ያወቁ ይመስለኛል። «ስጡን ብለን ነው የመጣነው።»

ናሆም ፈገግ እንዳለ ነው። ወጉ፣ የሴት ልጅ ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አይልም፤ ዘመድ እንማከር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እኔም ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው። የአባባ ሮቤልን ጉልበት አየሁ፤ ጋቢው ሥር ይንቀጠቀጣል።

«አባቷ ሰው አቁሞ አያውቅም» አልኩ። «ሰጥተናል። ይቀመጡ።»

ላይ ፎቅ ፌቨን እልል አለች። ቀጥሎ ምድር ፎቅ ላይ አንድ ረጅም ጩኸት ተሰማ። ኳሷ አልገባችም።

ካሌብና ሶሊያና ከፋሲካ በኋላ ይጋባሉ። ፌቨን አሁን በደረጃው ነው የምትመጣው፤ ሁለታችንም በቀኝ በኩል ብቻ እንድናልፍ ተስማምተናል። ሳምራዊት ደንቡን ወደ ቁጥር መለሰችው፤ በስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ያጨበጨበልኝ ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በዚያ ቀን በተናገርነው መሠረት መዝገቡ ታርሞ እኔ ነሐሴ፣ ፌቨን ኅዳር ሆነናል። ለሠርጉ ጥሪ ሲዘጋጅ ታላቅ መሆኗን አየችና፣ ኅዳር ያልኩት በቁጣ ነው፣ እኔ የተወለድኩት ጳጉሜ ነው ብላ አቤቱታ አስገባች። የሕንፃው አቤቱታ የሚታየው በየተራው ነው። ከሷ በፊት ጋሽ ናቲ አሉ፣ የኳሷን ነገር ይመርመርልኝ ብለው። ፌቨን በሰልፉ ትንሽ ወደ ፊት አድርጊኝ አለችኝ።

ተራሽን ጠብቂ አልኳት።